የመጣሁ ድንጋይ

በወሎ ምሥራቃዊ ተዳፋት፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከመጀመሩ በፊት፣ ቀጭን አምባ የምትባል መንደር አለች። ቤቶቿ እንደ ስሟ በጠባብ የተራራ ጀርባ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ በአንደኛው ጫፍ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላኛው ጫፍ መስጊዱ ይታያል። ወደዚች መንደር የመጣ እንግዳ በአንዳንድ ቤቶች ደጃፍ ላይ የድንጋይ ቁልል ሲያይ ምን እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ድንጋዮቹ ሰው በአንድ እጁ ሊይዛቸው የሚችል፣ ለግንብም ለምድጃም የማይሆኑ ትናንሽ ናቸው። ቁልሉ የሚገኘው አዛውንት ብቻቸውን በሚኖሩበት ደጅ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመንደሩ ሰው አንዱ ይመጣና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «መጣሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ ይዞ የመጣውን ድንጋይ ከቁልሉ ላይ ያኖራል፤ ከዚያም ገብቶ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ቤት ይጠርጋል። ደንቡን «መጣሁ» ይሉታል፤ ድንጋዩንም «የመጣሁ ድንጋይ»።

ይህ ደንብ ከየት መጣ ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ ሁሉ አትጠገብ የሚባሉ የአንዲት ሴት ስም ያነሣሉ። ዘመኑን በተመለከተ ግን አይስማሙም። ግማሾቹ ከአያቶቻቸው አያቶች በፊት ነው ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ያን ያህል አይርቅም፣ የሳቸውን ክር የለበሰ ሰው አይተናል ይላሉ።

እንደሚነገረው እመት አትጠገብ ይኖሩ የነበረው በመንደሩ መካከል፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ወንድይራድ ቆላ ወርዶ፣ ማሽላና ጥጥ እያመረተ፣ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀርቷል፤ እሱ ዘንድ ለመድረስ በበቅሎም ቢሆን መንገድ ላይ ማደር ግድ ነበር። እመት አትጠገብ ግን ብቻዬን ቀረሁ ብለው ሲያማርሩ የሰማቸው የለም። በጎልማሳነታቸው አዋላጅ ስለ ነበሩ ከመንደሩ ሰው ብዙው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የተቀበለው የሳቸው እጅ ነው። ሲያረጁ ደግሞ ጥጥ ይፈትሉ ነበር፤ ክራቸው የቀጠነና የማይበጠስ በመሆኑ ከመስጊዱ በታች ይኖር የነበረው ሸማኔ ሰይድ ለጥሩ ጋቢ ከሳቸው ክር ሌላ አይነካም ነበር ይባላል።

መንደሩ ሁሉ ይወዳቸው ነበር፤ ከአንዲት ሴት በቀር። እሷም እንጉዳይ ናት፣ የአጥር ጎረቤታቸው፣ በዕድሜ ከሳቸው ጥቂት የምታንስ፣ አፈ ፈጣንና ሥራ ወዳድ። ጠቡ የመጣው በዶሮ ነው። እመት አትጠገብ ያሰጡትን ጤፍ የእንጉዳይ ቀይ ዶሮ ስትጭረው ቢያገኙ በእጃቸው የነበረውን እንዝርት ወርውረው እግሯን ሰበሯት። ያን ለት የተነጋገሩትን ነገር እስከ ዛሬ የሚደግመው የለም፤ ያስነውራል ይላሉ። ከዚያ በኋላ ካህንም ሽማግሌም ቢገባ እርቁ አልይዝ አለ፤ አንዷ በምንጩ መንገድ ስትወርድ ሌላዋ እስክትመለስ ትጠብቃለች እንጂ አብረው አይሄዱም።

በአንድ ክረምት፣ ዝናቡ ሌሊትና ቀን ሳይለይ በሚወርድበት ሰሞን፣ እመት አትጠገብ ከደጅ እንጨት ታቅፈው ሲገቡ ደፉ ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ። ቁርጭምጭሚታቸው ወለቀ። ለመነሣት ቢሞክሩ እግራቸው አልቆምላቸው ስላለ እየዳኹ ወደ ውስጥ ገቡ። ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ባሰባቸው፤ ይህን ሁሉ ሕፃን ተቀብለው በእግሩ ሲሄድ ያዩ ሴት አሁን ራሳቸው ሲድኹ ሰው እንዲያያቸው አልፈለጉም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን አልጮኹም። በማግሥቱ መጮኽ ሲፈልጉ ድምፃቸው ከዝናቡ አልበልጥ አለ።

ከመደባቸው ሥር ተኝተው በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ይሰሙ ነበር። የማን እርምጃ የማን እንደ ሆነ ለይተው ያውቃሉ። ይህኛው ጎራ ይላል፣ ያቺኛዋማ ሳታየኝ አታልፍም እያሉ ተስፋ ያደርጋሉ፤ እርምጃው ይቀርብና ይርቃል። እሳታቸው ጠፋ። ከመደቡ አጠገብ የተረፈች ቆሎ ስለ ነበረች እሷን እየቆረጠሙ፣ ከጣራው የሚፈሰውን ውሃ በቅል እየተቀበሉ ሰነበቱ። የሚገርመው፣ በዚያን ጊዜ በመንደሩ ሰው ላይ አልተቆጡም ይባላል። ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ አረም ነው፣ ጎርፉ ነው እያሉ ለእያንዳንዱ ምክንያት ያበጁለት ነበር። እየቆየ ግን ምክንያቱም አለቀባቸው።

ያገኛቸው ሰይድ ነው። ሸምኖ የጨረሰውን ጋቢ በቆዳ ሸፍኖ ይዞ መጣና ከደጅ ተጣራ።

«እመት አትጠገብ! ቤቶች!»

መልስ የለም። ሊመለስ ሲል ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማ። ገባና መሬት ላይ ተኝተው ሲያይ ጋቢው ከእጁ ወደቀ።

«ያ አላህ! ምን ሆነው ነው?»

«አንተ ጋቢውን ጭቃ ላይ ጣልከው» አሉት እመት አትጠገብ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ወሬው በመንደሩ ሲሰማ ሰው ሁሉ ዝናቡን ሳይል ግር ብሎ መጣ። እሳት ተቀጣጠለ፣ አጥሚት ተሰጣቸው፣ ወጌሻ ተጠርቶ እግራቸውን አቃናው። የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዘርጋው ሰዉን ከደጅ ሰብስበው «ማነው መጨረሻ ያያቸው?» ሲሉ ጠየቁ። አንዱ፣ የአጥር ጎረቤት አለ ብዬ ነው አለ። ሌላው፣ እኔማ ሰይድ ክር ሊወስድ ይመላለሳል ብዬ አለ። አንዷ ደግሞ፣ ሁሉም ሰው ስለሚወዳቸው ቤታቸው ሰው የሚጠፋበት አልመሰለኝም አለች። እንጉዳይ መጨረሻ ላይ ተናገረች።

«እኔ ጭሳቸው መጥፋቱን አይቻለሁ። ልጃቸው ዘንድ የወረዱ መስሎኝ ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማንም አልወቀሳትም፤ ለመውቀስ የሚበቃ ሰው አልነበረማ።

ለወንድይራድ መልእክት ተላከ። ወንዙ ጎደል እንዳለለት በቅሎ ይዞ ደረሰ። ደግ ልጅ ነበር ይባላል፤ ለእናቱ ከቤቱ አጠገብ ክፍል ሠርቶ፣ አልጋ ዘርግቶ ነው የመጣው። እናቱ ከመደቡ ላይ ሆነው አዳመጡት።

«ቤትህ ቤቴ ነው፣ አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «ግን እዚያ ስገባ የምቀመጥበትን ሰው ነው የሚያሳየኝ። እዚህ በጨለማ እጄን ብዘረጋ ጨው የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«እማዬ፣ ጨውሽን ስትፈልጊ ወድቀሽ ብትሞቺስ? ያን ጊዜ እኔ ምን ብዬ እኖራለሁ?»

ልጃቸው በጭንቀት ከስቶ ስላዩት፣ ለራሳቸው ሳይሆን ለሱ ሲሉ እሺ አሉ።

የሚሄዱበት ጠዋት መንደሩ ሁሉ ሊሰናበት ወጣ። እመት አትጠገብ በቅሎዋ ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። ሰዉ ጉልበታቸውን እየሳመ ሲያለቅስ እሳቸው አንዳች ቃል አልተናገሩም፤ ዐይናቸው ወይራው ላይ ነበር። ወንድይራድ በቅሎዋን ሊመራ ሲል እንጉዳይ ከሰዉ መካከል ወጥታ ልጓሙን ያዘች።

«የት ነው የምትወስዳቸው?»

«የት እንደምወስዳቸው አጥተሽው ነው?»

«እኔና እሳቸው ሳንታረቅ የት ይሄዳሉ? ከማን ጋር ልጣላ ነው እኔ እዚህ የምቀረው?»

ሰዉ በእንባው መካከል ሳቀ። አባ ዘርጋውም ነገሩን ከዚያ አንሥተው «ልጄ፣ እናትህን ተዋቸው። ከእንግዲህ ሁላችንም እናያቸዋለን» አሉ።

ወንድይራድ ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ አይቆጡኝና፣ ሁላችሁም እያላችሁ ነው እናቴ መሬት ላይ የሰነበተችው። ሁላችንም የሚለውን አሁን ልሰማ አልችልም። ነገ ጠዋት ማን ነው የሚመጣው? የሰውየውን ስም ንገሩኝ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ክፋት አልነበረም ይላሉ የሚተርኩት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ልጓሙን ሳትለቅ የቆመችው እንጉዳይ ነበረች የመለሰችው።

«ነገ ሰኞ ነው። እኔ ነኝ የምመጣው።»

«እሷ ከምትመጣማ ቆላው ይሻለኛል» አሉ እመት አትጠገብ ከበቅሎዋ ላይ። ከተሳፈሩ ጀምሮ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተናገሩ። ማክሰኞን አንድ ቤተሰብ ወሰደ፤ ረቡዕን ሌላው፤ ሐሙስን ከታች ሰፈር ያሉት ተካፈሉት። እሑድና ዓመት በዓል ላይ ሲደርሱ ነገሩ ተያዘ፤ በበዓል ቀን እንጨት ፈለጣ የለም። ይህን ጊዜ ሰይድ ጉሮሮውን ጠርጎ «እናንተ ታቦታችሁን አንግሡ። የእሑዱንና የበዓሉን እንጨት ለኛ ሰፈር ተዉት» አለ።

ወንድይራድ ቆሞ አሰበ። በመጨረሻ እናቱን ከበቅሎ አውርዶ ወደ ቤት አስገባቸው።

«እስከ መስቀል ነው» አለ ለሰዉ። «ለመስቀል እመጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳያያት ውላ ከሆነ ማንንም አልሰማም።»

በማግሥቱ እንጉዳይ ገና ጎህ ሲቀድ መጣች። እመት አትጠገብ ነቅተው ነበር፤ ኮቴዋን ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እሷም ተኝተዋል ብላ ደስ አላት፤ ሳትናገር ውሃውን ቀድታ ጋኑን ሞላች፣ እሳት አቀጣጠለች፣ ቤቱን ጠረገች። እመት አትጠገብ ጋደም ብለው መጥረጊያው ማዕዘኑን ሲዘል ሰሙ። መናገር አማራቸው፤ ዋጡት። ጥቂት ቆይተው አባ ዘርጋው ሊጠይቋቸው ገቡና «ዛሬ ሰው መጥቶ ነበር?» አሏቸው።

«እኔ ያየሁት ሰው የለም» አሉ እመት አትጠገብ። ዐይናቸውን ጨፍነው ነበርና ውሸት አይደለም።

እንጉዳይ ቀረች ተብሎ በመንደሩ ተወራ። እሷ ንዴቷን ይዛ ሳምንቱን እንደ ምንም ገፋች። በሚቀጥለው ሰኞ ከምንጩ መንገድ አንድ ድንጋይ አንሥታ መጣችና ከደጃፉ ቆማ መንደሩን በጩኸት አናጋችው።

«መጣሁ! እንጉዳይ መጣሁ! እናንተ ሰዎች ስሙ፣ መጣሁ!»

ድንጋዩንም ከአጥሩ ሥር ዱብ አደረገችው። «አላየሁም ይበሉ እንግዲህ! ይኸው ድንጋዬ!»

መንደሩ ሲስቅ ዋለ። የማክሰኞ ባለተራዎች ለቀልድ ብለው እነሱም «መጣሁ!» ብለው ጮኹና ድንጋይ አኖሩ፤ የረቡዕም እንዲሁ። ሲውል ሲያድር ግን ቀልዱ ጥቅም ያለው ሆኖ ተገኘ። ወደ እርሻ የሚያልፍ ሰው ከላይ ጭቃው ገና ያልደረቀ ድንጋይ ያይና ዛሬ ሰው እንደ ገባ ያውቃል፤ አንድ ቀን ባለተራው ታሞ ቢቀር፣ ፀሐይ ከወይራው በላይ ስትወጣ አዲስ ድንጋይ ያላየ መንገደኛ ማንም ይሁን ማን ጎራ ይላል። ጩኸቱም ለእመት አትጠገብ ጥሩ ሆነላቸው፤ ሰው በድንገት ዘው ሲልባቸው አይወዱም ነበርና፣ «መጣሁ» የሚለውን ሲሰሙ ሻሻቸውን አስተካክለው ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛሉ።

ነገር ግን አንድ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላቸው ነበር። ወደ ልጃቸው ቤት ሳይሄዱ የቀሩት እንግዳ ላለመሆን ነው፤ አሁን በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው ሲቀዳላቸውና ሲፈለጥላቸው፣ እዚሁ መደባቸው ላይ እንግዳ ሆኑ። አንድ ማክሰኞ ባለተራዋ ሴት ውሃውን ቀድታ ልትወጣ ስትል ጠሯት።

«እቤትሽ የሚሰጣ እህል የለም?»

«አለ። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ የሚጠብቅልኝ አጥቼ እንጂ።»

«አምጪው። እግሬ እንጂ ዐይኔ አልወለቀም።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የመንደሩ ስጥ ሁሉ ወደ እመት አትጠገብ ግቢ ይመጣ ጀመር። እሳቸው ከወይራው ሥር ተቀምጠው እየፈተሉ፣ በረጅም አርጩሜ ወፍና ዶሮ እያባረሩ ይውላሉ። ባለተራው ሲመጣ በባዶ እጁ አይመጣም፤ ሲሄድም የደረቀ እህሉን ይዞ ይሄዳል። ገብስ እዚህ፣ ባቄላ እዚያ፣ ጤፉ በሰሌን ላይ እየተባለ ግቢው እንደ ገበያ ደመቀ።

እንጉዳይ ብቻ ስጧን አላመጣችም። ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፣ ትጮኻለች፣ ድንጋይዋን ታኖራለች፣ ሥራዋን ጨርሳ ትወጣለች። መስከረም ሲጠባ ግን ጤፏ ሊሻግትባት ሆነ። በአንድ ሰኞ ሰፌዷን ይዛ መጣችና ሳትናገር ግቢው መካከል ዘረጋችው። እመት አትጠገብም ሳይናገሩ እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ። ጥቂት እንደ ቆየ ከአጥሩ ሥር ዶሮዎች ሾልከው ገቡ፤ ከፊት ከፊት የምትመራው አንድ እግሯን የምታነክስ ቀይ ዶሮ ነበረች። ቀጥ ብላ ወደ ጤፉ ሄደች።

እመት አትጠገብ አርጩሜያቸውን አነሡ። እንጉዳይን አዩ። አርጩሜውን መልሰው አስቀመጡት።

«ዶሮሽን ውሰጂ» አሉ።

«የራሴን ጤፍ ነው የምትበላው። እርስዎን ምን አገባዎት?»

«እየጠበቅሁት ያለሁት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ለምን አያባርሯትም?»

«ደግሞ እግሯን ልስበርና ሌላ ሦስት ዓመት ልታኮርፊኝ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እንጉዳይ ናት የሚሉ አሉ፤ እመት አትጠገብ ናቸው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ግን እንባቸው እስኪወርድ እንደ ሳቁ፣ ዶሮዋም በዚያ መካከል እንደ ልቧ እንደ በላች ሁሉም ይስማማል። ካህንና ሽማግሌ ያቃተው እርቅ በዚህ አለቀ። ያን ለት እመት አትጠገብ እንጉዳይን ከማዕዘኑ አቁመው መጥረጊያ እንዴት እንደሚገባበት አሳዩዋት፤ እሷም ያን የመጀመሪያ ሰኞ ተኝተው እንዳልነበር በዚያው ገባት።

ለመስቀል ወንድይራድ መጣ። ዳገቱን ወጥቶ ወደ መንደሩ ሲዞር መጀመሪያ ያየው በእናቱ ደጅ የተቆለለውን ድንጋይ ነው። ድንጋይ ተከምሮ የሚያውቀው በመቃብር ላይ ነበር። በቅሎዋን ለቀቃትና መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ሳይነግሩኝ ቀበሯት፣ ከደጃፏ ቀበሯት እያለ ራሱን ይዞ ሳለ ከግቢው ውስጥ ድምፅ ተሰማ።

«እሽ! እሽ! አንቺ ምን ያለሽ ሆዳም ነሽ!»

የእናቱ ድምፅ ነው። ሮጦ ሲገባ ከወይራው ሥር፣ በእህል ተከበው፣ ከእንጉዳይ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው። ወፍረው ነበር ይባላል። በቅሎዋን ፍለጋ የሄዱት ሰዎች ይዘዋት ሲመለሱ እሱ ገና የእናቱን ጉልበት ይዞ አልተነሣም። የመጣው ሊወስዳቸው ነበር፤ ስለ መውሰድ ግን ያን ለትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላነሣም። ሊሄድ ሲል ከመንገድ ድንጋይ አንሥቶ ከቁልሉ ላይ አኖረና «እኔም መጥቼ ነበር» አለ።

እመት አትጠገብ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። የእንጉዳይ ባል ሲሞትና እሷም ጉልበቷ ሲደክም መንደሩ ሳይማከር ለሷም ተራ አወጣ። ረቡዕን ማን ይውሰድ ሲባል እጃቸውን ያነሡት እመት አትጠገብ ናቸው። ሰዉ አይሆንም ቢላቸው አልሰሙም። በዱላቸው ተደግፈው፣ በሌላ እጃቸው ድንጋይ ይዘው፣ ያቺን አጭር መንገድ እያረፉ ሲሄዱ ማየት ለመንደሩ ትልቅ ነገር ነበር። ከእንጉዳይ ደጅ ይቆሙና በቀጭን ድምፃቸው «መጣሁ!» ይላሉ። ውሃ አይቀዱም፣ እንጨት አይፈልጡም፤ ገብተው ይቀመጣሉ፤ መጥረጊያው ማዕዘኑን ዘሏል ብለው ይነታረካሉ፤ ይኸው ነው ሥራቸው። እንጉዳይ ግን ከሳምንቱ ቀን ሁሉ የምትጠብቀው ረቡዕን ነበር።

የሞቱት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በገዛ መደባቸው ላይ፣ ባለተራዋ እጃቸውን ይዛ ነው። የድንጋይ ቁልላቸው ምን እንደ ሆነች የተለያየ ይነገራል። አንዳንዶች ከወይራው ሥር ያለችው ጉብታ እሷው ናት፣ አፈር ለብሳ ሣር በቅሎባት ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የለም፣ እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ድንጋይ ወስዶ ለገዛ ሽማግሌው ቁልል መጀመሪያ አደረገው፣ በመንደሩ ያለው ቁልል ሁሉ ከዚያ የወጣ ነው ይላሉ።

ዛሬ ወደ ቀጭን አምባ መኪና ይወጣል፣ ስልክም ገብቷል። የመንደሩ ልጆች ደሴና ኮምቦልቻ፣ አንዳንዶቹም አዲስ አበባ ቤት ሠርተዋል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቶቻቸውንና አባቶቻቸውን ኑና ከኛ ጋር ተቀመጡ ማለታቸው አይቀርም። ባለፈው ክረምትም እማማ ደብሪቱ የተባሉ አሮጊት ደሴ ያለች ልጃቸው ደውላ ስትለምናቸው፣ ሐሙስ የነሙሄ ተራ ነው፣ ባቄላቸው ገና አልደረቀም፣ ትቼው እንዴት እመጣለሁ አሏት ይባላል። ልጅቱ፣ ባቄላው ይቅር፣ ብቻሽን ነሽ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ ስትላቸው ከደጅ የጎረምሳ ድምፅ በስልኩ ውስጥ እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«መጣሁ!»

«ሰማሽ?» አሉ እማማ ደብሪቱ። «በይ ዝጊው፣ ሻሼን ላስተካክል።»